ያለ መኪና የሚኖርበት ሰፈር፦ ፍራይቡርግ፣ ማልሞ፣ ስቶክሆልም፣ ቪየና… ያያችሁ እስቲ አውሩን

ብስራት ዘፍራይቡርግ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤቶች። እዚህ መድረክ ላይ ስለ አውሮፓ ከተሞች ሲወራ ወይ ስለ ወረቀት ነው ወይ ስለ ኪራይ። እኔ ዛሬ ሌላ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ «ያንን ኢኮ ሰፈር የሚሉትን አሳየን» ይለኛል። ኢኮ ማለት አካባቢን የማይጎዳ ማለት ነው፤ እዚህ ጀርመን አገር፣ ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ ያለውን ቮባን የሚባል ሰፈር ማለቱ ነው። እወስደዋለሁ። ሶላር የለበሰውን ጣሪያ ፎቶ ያነሳል፣ ሣር ላይ የሚሄደውን ትራም ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ «በቃ? ይኸው ነው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ለዓይን ያን ያህል የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አራትና አምስት ፎቅ ቤት፣ ዛፍ፣ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ፣ መንገድ መሃል ተቀምጦ በጠመኔ የሚስል ሕፃን። የሚገርመው የሌለው ነገር ነው። ደጅ ላይ የቆመ መኪና የለም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው የጦር ካምፕ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ጦር ሰፍሮበት ኖረ፤ በ1992 ለቆ ወጣ። ከከተማው መሃል በብስክሌት የሚደረስ 40 ሄክታር ገደማ መሬት ተገኘ ማለት ነው። ከተማው ገዛው። ከዚያ ያደረገው ነገር ነው ልዩነቱን ያመጣው። ለአንድ ትልቅ ሪል እስቴት ጠቅልሎ አልሰጠም፤ በትናንሹ ሸነሸነው። አሥርም አሥራ አምስትም ቤተሰብ ሆነው የተደራጁ ሰዎች፣ እኛ የቤት ማህበር እንደምንለው፣ አርክቴክታቸውን ራሳቸው ቀጥረው የራሳቸውን ሕንፃ አቆሙ። መሃል ላይ የሚያተርፍ ሰው ስለሌለ ወጪው ቀነሰ። ጎረቤታሞቹም ቤቱ ገና በወረቀት ላይ እያለ ተጣልተው ታርቀው ነው የገቡት።

መኪናውስ? በደንቡ መሠረት ቤት የሚሠራ ሁሉ የመኪና ማቆሚያም ማዘጋጀት ነበረበት። ቮባን መላ ፈጠረ። መኪና ያለው ሰው በሰፈሩ ዳር ካሉት ባለ ፎቅ ማቆሚያዎች ቦታ ይገዛል። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን ለብቻው ነው የሚከፈለው፤ ኪስን ይነካል። መኪና የሌለው ሰው «የለኝም» ብሎ ይፈርማል፤ መጠባበቂያ መሬት ለያዘ ማህበርም አነስ ያለ ገንዘብ ይከፍላል። ነገ ሁሉም ተነስቶ መኪና ቢገዛ ማቆሚያ የሚሠራበት መሬት አለ ለማለት ነው። ሁሉም አልገዛም። በጀርመን አገር ለ1,000 ሰው ከ500 በላይ መኪና አለ፤ ቮባን ውስጥ ከ200 በታች ነው። የሚኖረው ሰው ከ5,000 ይበልጣል።

ሶላሩ ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ሮልፍ ዲሽ የሚባለው አርክቴክት እዚያው የሠራቸው 59 ቤቶች ከሚጠቀሙት በላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ግን ሶላሩን ነቅላችሁ ብትወስዱት ቮባን ቮባን ሆኖ ይቀጥላል። የማቆሚያውን ደንብ ብታነሱት ግን በወሩ ሌላ ሰፈር ይሆናል። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው። እናንተ ባላችሁበት ከተማ እንዴት ነው?

ጋሽ ተፌ (ፍራንክፈርት)

ብስራት ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ግን እኔ ታክሲ ነጂ ነኝና ትንሽ ልናገር።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኤርፖርት ለጽዳት የሚገባውን ሐበሻ በሰዓቱ የሚያደርስ ትራም የት አለ? እኔ ነኝ የማደርሰው፣ ወይ ደግሞ የራሱ አሮጌ ጎልፍ። መኪና የሌለበት ኑሮ ሥራው በብስክሌት አሥር ደቂቃ ለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ፈረንጅ መኪና ጠግቦ ሲጥል እኛ ገና መግዛታችን ነው።

ደግሞ «መኪና የለኝም» ብሎ ፈርሞ በአያቱ ስም የሚያስመዘግብ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ፈረንጅም ያጭበረብራል ልጄ።

ብስራት ዘፍራይቡርግ

ጋሼ፣ አለ። በዘመድ ስም የሚያስመዘግብም አለ፣ አጎራባች ሰፈር ሄዶ አቁሞ በእግሩ የሚመለስም አለ። ጎረቤቶቹ በዚህ ሲያማርሩ ኖረዋል። ግን የሚያጭበረብረው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው መኪናውን የተወው ከአረንጓዴ እምነት የተነሳ ብቻ አይደለም፤ ትራሙ ከማቆሚያው ስለሚቀርበው ነው። መኪናህ አምስት ደቂቃ በእግር፣ ትራሙ ሁለት ደቂቃ ሲሆን ሰነፉም ሰው ትራም ይይዛል።

የሌሊት ፈረቃው ግን ልክ ነዎት። እሱ አልተፈታም።

ኪያ_24

ኪራይ ስንት ነው እዛ? ባዶ ቤት ካለ ንገሩን 😅

ብስራት ዘፍራይቡርግ

ኪያ፣ ቮባን ብቻ ሳይሆን ፍራይቡርግ በሙሉ ውድ ነው። ባዶ ቤት ካገኘህ እኔንም ጥራኝ።

ሰብለ ማልሞ

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሽ ተፌ፣ «ይሄ የጠገበ ሰው ነገር ነው» ላሉት እኔ የምኖርበትን ሰፈር ልንገርዎት።

አውጉስተንቦሪ ይባላል። የስዊድኑ ማልሞ ከተማ የራሱ ቤት አከራይ ድርጅት 1950 አካባቢ የሠራው ተራ የኪራይ ሰፈር ነው። ሦስት ፎቅ፣ ቢጫና ግራጫ ግድግዳ። ከኢራቁም ከባልካኑም ከሶማሊያውም የመጣ ሰው የሚኖርበት። ሀብታም የለበትም። በ80ዎቹና በ90ዎቹ ሰዉ እየለቀቀው፣ ቤቱ እያረጀ የሄደ ሰፈር ነበር። ከሁሉ የባሰው ዝናቡ ነው። ምድር ቤቱ በጎርፍ ይሞላ ነበር። ንጹሕ የዝናብ ውሃ ቢሆን እሺ፤ ፍሳሹና ዝናቡ በአንድ ቱቦ ስለሚሄዱ ቱቦው ሲሞላ ተመልሶ የሚመጣው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

በ1998 ሥራ ተጀመረ። ቱቦውን በትልቅ ቱቦ ከመቀየር ይልቅ ዝናቡን ከቱቦው አስወጡት። አሁን ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ወርዶ መሬት ላይ ክፍት የድንጋይ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ከመስኮቴ ሥር ያልፋል፣ ስፋቱ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ታችኛው ላይ ትናንሽ የሲሚንቶ እብጠቶች አሉ፤ ውሃውን እያንገጫገጩ ፍጥነቱን ያበርዱታል። ከዚያ ግቢው መሃል ወዳለ ኩሬ። ኩሬው ሲሞላ ወደሚቀጥለው ኩሬ። በመጨረሻ ሣር የበዛበት ዝቅ ያለ ሜዳ አለ፤ በደረቅ ጊዜ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዶፍ ሲወርድ ሐይቅ ይሆናል። ጣሪያዎቹ ላይ ደግሞ እሾህ አልባ ቁልቋል የመሰለ አጭር ተክል ተተክሏል። ውሃውን ይዞ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው።

ነሐሴ 31 ቀን 2014 ማልሞ ላይ የወረደውን ዝናብ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ከተማው ግማሹ ውሃ ውስጥ ነበር። የገበያ አዳራሽ፣ የመኪና መተላለፊያ፣ የሰዉ ምድር ቤት፣ ሁሉም። እኛ ሰፈር ግን ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ይሄ ሁሉ ሲሠራ አንድም ሰው ከቤቱ አልተነሳም። ነዋሪው እየኖረበት ነው የተሠራው፤ ኩሬው የት ይሁን፣ ለልጅ አደገኛ ነው አይደለም እየተባለ ስንት ስብሰባ ተቀምጠውበታል። አንዳንዱ ስብሰባ ጭቅጭቅ ብቻ ነበር ይላሉ የቆዩት ጎረቤቶቼ።

አሁን ደግሞ ከተማውን አቋርጣችሁ ወደ ባሕሩ ሂዱ። ቬስትራ ሃምነን፣ ምዕራብ ወደብ። ኮኩምስ የሚባለው የመርከብ ፋብሪካ ነበረበት። ፋብሪካው ከወደቀ በኋላ ያንን ግዙፍ ክሬን ለኮሪያዎች በ1 ዶላር ሸጡት፤ በ2002 ተነቅሎ ሲሄድ የማልሞ ሰው ወደብ ላይ ቆሞ አልቅሷል። እዚያው መሬት ላይ በ2001 የቤቶች ኤግዚቢሽን ተደረገ፣ ቦ 01 ይሉታል። ጉልበቱ ሁሉ ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከመሬት ሥር ውሃ። ጎኑ ላይ 190 ሜትር የሚጠማዘዘው ፎቅ፣ ተርኒንግ ቶርሶ። በጣም ያምራል። ግን ባሕር ይታይ ብለው ግድግዳውን ሁሉ መስታወት አደረጉት፣ ብዙዎቹ ቤቶች ከታቀደው በላይ ማሞቂያ በሉ። የሚኖርበት ሰው ደግሞ… ታውቁታላችሁ። ሁለቱም በማልሞ ካርታ ላይ ኢኮ ተብለው ተጽፈዋል። የውጭ ልዑካን ሲመጡ መጀመሪያ የሚወሰዱት ወደ ባሕሩ ነው።

ሚጡ

ሰብለ በጣም ደስ ይላል ❤️ ስቶክሆልም ያላችሁ፣ ቆሻሻው በቱቦ ተስቦ ይሄዳል የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ቲክቶክ ላይ አይቼ አላመንኩም።

ኤልሳ ስቶክሆልም

ሚጡዬ እውነት ነው። ሐማርቢ ሼስታድ የሚባለውን ሰፈር ማለትሽ ነው። እኔ የምሠራው የአረጋውያን እንክብካቤ ነው፤ ከማያቸው ሰዎች ግማሾቹ እዚያ ናቸው። ስለዚህ የእነሱን ቆሻሻ የምጥለው እኔ ነኝ።

ግቢው ውስጥ ወገብሽ ድረስ የሚደርሱ የብረት ምሰሶዎች ተሰልፈው ቆመዋል፣ እያንዳንዳቸው ክብ መዝጊያ አላቸው። አንዱ ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለሌላው። ከፍተሽ ትወረውሪያለሽ፣ ትዘጊያለሽ። ወዲያው አይሄድም። ከታች ተጠራቅሞ ይቆያል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ከሥር ያለውን ክዳን ይከፍተዋል፣ አየር ሽው ብሎ ይስበዋል። እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበራል ይላሉ። ከሰፈሩ ዳር ያለ ጣቢያ ላይ ይራገፋል። የቆሻሻ መኪና ሰፈር ውስጥ አይገባም፣ ክረምት ከበጋ የሚሸት ገንዳ የለም። ግን ሰው ሰው ነው፤ የፒዛ ካርቶን አጣጥፎ የሚወትፍ አይጠፋም። ተወትፎ ሲዘጋ ታዲያ ሁሉም ጎረቤት ፊቱ ይጠቁራል።

ፍሳሹም ሥራ ፈት አይደለም። ከተጣራው ውሃ ሙቀቱን አውጥተው ለቤት ማሞቂያ ያውሉታል። ከዝቃጩ ባዮጋዝ ይወጣል፤ አውቶብስ ይነዳል፣ በአንዳንድ ቤቶች ምድጃ ላይ ይነድዳል። በክረምት የባለቤቱን እግር የሚያሞቀው ራሱ የታጠበበት ውሃ ነው ብልሽ አልዋሸሁም 😂

አጀማመሩ ደግሞ ያስቃል። ስቶክሆልም የ2004 ኦሊምፒክን ለማዘጋጀት ሲወዳደር ለአትሌቶች አረንጓዴ መንደር አቅዶ ነበር። አቴንስ ወሰደችው። ዕቅዱ ግን አልቀረም፣ ተሠራ። ቦታው ቀድሞ የትናንሽ ፋብሪካዎችና የጋራዦች መንደር ነበር፤ መርዝ የጠጣውን አፈር ዝቀው ማውጣት ነበረባቸው።

ሁሉም ነገር አልተሳካም። ለእያንዳንዱ የቤት ካሬ ሜትር በዓመት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉልበት ብቻ ነበር የተፈቀደው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች አልደረሱበትም። ሰብለ እንዳለችው ነው፣ ውሃ የሚያይ መስታወት። የመኪና ማቆሚያውንም በጣም ጥቂት አድርገው ጀመሩ፤ ነዋሪው ሲጮህ ቁጥሩን ጨመሩት። እዚህ ላይ ብስራት ያለው ይገባኛል፤ ቮባን በወረቀት አስሮታል፣ እዚህ ላላ።

እኔ የምኖረው ሪንከቢ ነው፣ ስደተኛ የሚበዛበት የከተማው ዳር ሰፈር። ሐማርቢ ቤት ለማግኘት ወረፋው በዓመታት ነው የሚቆጠረው። ግን ትራሙ ያደርሰኛል፣ ውሃውን የሚያሻግረው ጀልባ ደግሞ ነጻ ነው። ለጀልባው ስል ብቻ ዞሬ የምሄድበት ቀን አለ።

ጋሽ ተፌ (ፍራንክፈርት)

ሰብለ የኔ ልጅ፣ የአውጉስተንቦሪው ነገር ልቤን ነክቶታል። ሰው ሳይፈናቀል መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ኤልሳ ደግሞ ነገሬን አጸናሽልኝ። ሰፈሩን የምታጸጂው አንቺ፣ የምታድሪው ሪንከቢ።

ኤልሳ ስቶክሆልም

ኧረ ጋሼ፣ ሪንከቢዬን አልጠላባትም። ግን እውነት ነው።

ሕሊና ፕላነር

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ሙያዬ የከተማ ፕላን ነው። ክሩን ሳነብ አመሸሁ።

ብስራት ሁለት ነገር ደባልቀህ ጽፈሃል፣ ሁለቱም ግን ትክክል ናቸው፦ የመሬቱ ባለቤት ማን ነው፣ እና ምን ቀድሞ ምን ተከተለ።

ከመሬቱ ልጀምር። እኛ አገር መሬት የመንግሥት ነው። ስለዚህ ፍራይቡርግ ገዝቶ ያገኘውን ሥልጣን እኛ በእጃችን ይዘነዋል። ልዩነቱ እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። በሊዝ ጨረታ ብዙ ብር የጠራ ይወስዳል። ብዙ ብር የጠራ ሰው ደግሞ ብሩን ለማስመለስ ፎቁን ያረዝማል፣ ግቢውን ይበላል፤ ሰፈሩ ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ቪየና ከ1995 ጀምሮ ሌላ አካሄድ አለው። ድጎማ ያለው ቤት በሚሠራበት የከተማው መሬት ላይ ገንቢዎች በመሬት ዋጋ አይፎካከሩም። ዳኞች ቁጭ ብለው ዲዛይኑን፣ ወጪውን፣ የአካባቢ ጥበቃውን ይመዝናሉ፤ ከ2009 ወዲህ ደግሞ ማን ከማን ጋር እንዴት ይኖራል የሚለውንም። ፉክክሩ ካለ ይኖራል፣ የሚፎካከሩበት ነገር ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ቅደም ተከተል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ቁልፍ ሲረከብ የመጀመሪያ ወራቱ እንዴት እንደነበር ይንገራችሁ። ቤቱ ቀድሞ፣ መንገዱ ተከትሎ፣ አውቶብሱ ከመንገዱ በኋላ፣ ውሃው ደግሞ በፈረቃ። ያ ሰው እንደምንም ብሎ መኪና ካልገዛ ወይ ሚኒባስ ሲጠብቅ ካልዋለ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። አንዴ መኪና የገዛ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ባቡር ብታመጣለት አይወርድም። ለዚህ ነው ትራም ሰው ሳይበዛ ባዶውን መመላለስ ያለበት።

አንድ ነገር ግን ለራሳችን ልመስክር። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ቤት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ አውሮፓ ውስጥ «የጋራ ክፍል» እያሉ እንደ አዲስ ግኝት የሚያሳዩት ነገር ነው። ስንቱ ኮሚናል ዛሬ ለሱቅ ተከራይቷል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ዳግም

ሕሊና ስለ ኮሪደር ልማቱስ ምን ትያለሽ? ዛፍ ተከሉ፣ የብስክሌት መንገድ ሠሩ፣ ሰዉን ግን

አስተናጋጅ

ዳግም፣ ለኮሪደር ልማት የተከፈተ ሌላ ክር አለ፤ እዚያ ቀጥሉ። ይሄኛው በአውሮፓ ሰፈሮች ላይ ይቆይ። አመሰግናለሁ።

ናሆም ቪየና

ሕሊና ቪየናን ስላነሳሽ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምማረው እዚህ ነው፣ የምኖረውም ዜሽታት በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ አስፐርን ውስጥ።

የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ 240 ሄክታር። ሜትሮው፣ መስመር ዩ2፣ የደረሰው በጥቅምት 2013 ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2014። ዙሪያው ጎመን እርሻ፣ መሃሉ ላይ ዘመናዊ የሜትሮ ጣቢያ፣ የሚወርድበት ሰው የለም። ያኔ ጋዜጣው ስቆበታል። አሁን ጠዋት መቀመጫ የለም። መንገዶቹ አብዛኞቹ በሴት ስም ናቸው፤ ሐና አሬንት አደባባይ አለ፣ ጃኒስ ጆፕሊን መንገድ አለ። 84 ሜትር የእንጨት ፎቅም አለ፣ ሆሆ ይሉታል። ስሙ የሳንታ ክላውስ ሳቅ ይመስላል እንጂ ሕንፃው ቀልድ አይደለም።

ኪራዩ እንዴት ተቻለ ለምትሉ፣ የቪየና ሕዝብ ግማሹ ገደማ የሚኖረው በከተማው ቤት ወይም ድጎማ ባለው ቤት ነው። 220,000 ገደማ ቤት የከተማው የራሱ ንብረት ነው። ስለዚህ አዲስ ሰፈር አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ኪራዩ ሰማይ አይነካም።

እንከኑን ደግሞ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ አደባባዮች ሲሚንቶ ብቻ ነበሩ። ሐምሌ ላይ ፀሐዩ ከላይ፣ ሲሚንቶው ከታች፤ እንደ ምጣድ ነው። ዛፍ የተተከለ ነበር ግን ዛፍ ጥላ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈልጋል። ሰው አማረረ፣ ከተማው ኋላ ላይ አንዳንዱን ቦታ አፍርሶ ተክል ጨመረበት። ሌላው ትልቅ ጠብ መንገዱ ነው። ለዚህ «አረንጓዴ» ሰፈር ተብሎ ባለ አራት መስመር የመኪና መንገድ ታቀደ። ወጣቶች ሄደው ግንባታው ላይ ድንኳን ተከሉ፣ ወራት ቆዩ። የካቲት 2022 ፖሊስ አነሳቸው። ከተማው «ያለ መንገዱ አዲስ ቤት መሥራት አይፈቀድም» ይላል፣ ልጆቹ «ታዲያ ሜትሮውን ለምን አመጣችሁት?» ይላሉ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ወደ ልጆቹ አዘነብላለሁ።

ያሬድ ሳውዝ ለንደን

የእኛን ኢኮ ሰፈር እንዳትረሱ። ቤድዜድ ይባላል። ደቡብ ለንደን፣ ሳተን ውስጥ፣ በ2002 ያለቀ፣ መቶ ገደማ ቤት። ጣሪያው ላይ ቀይና ቢጫ የአየር ማስገቢያ ቆብ ያለው፣ ነፋሱን ተከትሎ የሚዞር። ፎቶውን አይታችሁታል።

እዚያ የወደቀው ማሽኑ ነው። የእንጨት ፍርፋሪ እያነደደ ሙቀትም ኤሌክትሪክም የሚሰጥ ጣቢያ ነበራቸው። በጣም አዲስ ቴክኖሎጂ፣ በጣም ትንሽ ሰፈር። ብልሽት በብልሽት ሆነና በጥቂት ዓመት ውስጥ ቆመ፤ በጋዝ ማሞቂያ ተተካ። ፍሳሹን በተክል የሚያጣራውም ሥርዓት እንደዚሁ ቀረ። ወፍራሙ ግድግዳ ግን፣ ወደ ደቡብ የዞረው መስኮት፣ ከባቡር ጣቢያ አጠገብ መሆኑ፣ እነዚህ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ግድግዳ መለዋወጫ አይጠይቅም።

ሕሊና ፕላነር

ያሬድ ይሄንን ነው የምፈልገው! ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው ነው። ጥገና የሚፈልገውን ነገር ማን ይጠግነዋል ብለህ ካልጠየቅክ አትትከለው። የሰብለ የድንጋይ ቦይ በመጥረጊያ ይጸዳል፣ የሐማርቢው ቱቦ ባለሙያ ይፈልጋል። ስቶክሆልም ባለሙያውን ይከፍላል። የማይከፍል ከተማ ቦዩን ይምረጥ።

ብስራት፣ አንድ ጥያቄ። ፍራይቡርግ ቮባንን በጦር ካምፕ ላይ ሠራ፣ ሪዝልፌልድ የሚባለውን ሰፈር ደግሞ የከተማው ፍሳሽ ይለቀቅበት በነበረ መሬት ላይ። ሁለቱም የማንም እርሻ አልነበሩም። አሁን አዲሱን ሰፈር በእርሻ መሬት ላይ ነው የሚሠሩት ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

ብስራት ዘፍራይቡርግ

እውነት ነው። ዲተንባህ ይባላል። 6,900 ገደማ ቤት፣ ከ15,000 የማያንስ ሰው። ከሪዝልፌልድ ጎን ነው፣ ትራሙም ከዚያው ይቀጥላል።

ገበሬዎቹ «መሬታችን አይነካም» ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ ነገሩ ወደ ሕዝብ ድምፅ ሄደ። የካቲት 24 ቀን 2019 ተመረጠ። 60 በመቶ ገደማው «ይሠራ» አለ። ክርክሩ ከባድ ነበር፤ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት የተለያዩበት ነበር። የሚገርመው ሁለቱም ወገን አረንጓዴ ነኝ ባይ ነው። አንዱ «ጥሩ አፈር በሲሚንቶ መቅበር ወንጀል ነው» ይላል። ሌላው «እዚህ ካልሠራን ወጣቱ 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ገጠር ይከራያል፣ በየቀኑ በመኪና ይመጣል፣ የቱ ይሻላል?» ይላል። ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። ከቤቶቹ ግማሹ ኪራያቸው የተገደበ እንዲሆን ቃል ተገብቷል። ኪያ_24፣ ተመዝገብ እንግዲህ 😄

እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፣ ያኔ ፓስፖርቱ አልነበረኝም። ብሰጥ ኖሮ «ይሠራ» እል ነበር። ገበሬዎቹ ግን ሞኞች አልነበሩም። ይህ ከተማ የዛሬውን ስም ያገኘው በገበሬ ትከሻ ነው። በ1975 ከዚህ ብዙም በማይርቀው በዊል የኒውክሌር ጣቢያ ሊሠራ ሲል ቦታውን የያዙት የወይን ገበሬዎችና የፍራይቡርግ ተማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ነው። ጣቢያው ሳይሠራ ቀረ። የዚያ ትግል ሰዎች ናቸው ኋላ ከተማው ምክር ቤት የገቡት፣ ሶላሩን ያመጡት፣ ቮባንን የተከራከሩት።

ሰብለ ማልሞ

ይሄንን አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ፋብሪካ ሲዘጋ ነው አረንጓዴው የመጣው፣ እናንተ ጋ ፋብሪካ እንዳይከፈት ሲታገሉ።

ትርሲት ሐኖቨር

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ለብስራት ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። በሥራ ምክንያት ወደ ፍራይቡርግ ልንዛወር ነው። ቮባን መኪና አይገባም ከሆነ ለእሷ እንዴት ይሆናል? ሐኪም ቤት ስወስዳት፣ አስቤዛ ሳመጣ?

ብስራት ዘፍራይቡርግ

ትርሲት እንኳን ደህና መጣሽ። መኪና አይገባም የሚለው ወሬ ነው፤ መኪና ይገባል፣ አይቆምም። በውስጠኞቹ መንገዶች በእግር ፍጥነት ነድተሽ ደጅሽ ድረስ ትመጫለሽ፣ እማማን ታወርጃለሽ፣ አስቤዛውን ታወርጃለሽ፣ ከዚያ መኪናውን ዳር ወዳለው ማቆሚያ ትወስጃለሽ። መንገዱ ደረጃ የለውም፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ትራሙም ወለሉ ዝቅተኛ ስለሆነ በዊልቸር ለመግባት አይከብድም። ቤቱን ስታዪ ግን ሊፍት መኖሩን አረጋግጪ። ማህበራቱ ራሳቸው ከሠሯቸው ሕንፃዎች ወጪ ለመቀነስ ሊፍት የተዉ አሉ። እሱ ላይ ተጠንቀቂ።

ትርሲት ሐኖቨር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ሊፍቱን አስቤው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ተፌ (ፍራንክፈርት)

ታክሲስ? ይገባል ወይ?

ብስራት ዘፍራይቡርግ

ይገባል ጋሼ። ከሕፃን ሳይክል ኋላ ኋላ እየሄዱ ነው ግን። ሜትሩን እንዳያጠፉት።